ገማቹ ላሜራ በመኪናው ላይ አንቴና የተከለበት ዓመት

መኪናይቱን በገዛ በአራተኛው ዓመት፣ በመድን ድርጅቱ የተጋጩ መኪኖች ገማች ሆኖ በተሾመ በአሥራ አንደኛው፣ በአማቱ ግቢ ታችኛውን ቤት በያዘ በስድስተኛው፣ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ግን ገና ባልደረቀበት ወራት፣ ላሜራ የተባለው ኃያል፣ መርማሬ ስቱኮ፣ የደላሎች ድንጋጤ፣ በጣቱ አንኳኩቶ የብረትን ምስጢር የሚያወጣ፣ በሚስቱ ፊት ግን ድምፁ የማይወጣ፣ በመኪናው ላይ የሬዲዮ አንቴና ሊተክል ተነሣ። ይህን ዜና የምንጽፈው ማንም ጠይቆን አይደለም። ሳይጻፍ ቢቀር እርሱ ራሱ በየዕለቱ እየቀጠለበት የሚያወራው ነውና፣ ልኩ ይታወቅ ብለን ነው።

ላሜራ መባሉም እንዲህ ነው። የተጋጨ መኪና ወደ ድርጅቱ ግቢ ተጎትቶ ሲመጣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይዞረዋል፤ ይቆማል፤ በመሐል ጣቱ አንጓ ያንኳኳዋል፤ ጆሮውን ያስጠጋል፤ ከዚያም እንደ ዳኛ ቀና ብሎ፣ ድምፁ ከጠራ «ላሜራ!» ብሎ ይፈርዳል፤ ድምፁ ከታፈነ ግን «ስቱኮ!» ይላል። ላሜራ ማለት ያልተነካ ንጹሕ ብረት ሲሆን፣ ስቱኮ ማለት ጋራዦች የተጨረመተውን ብረት ከማቃናት ይልቅ ለስነው፣ አሽተው፣ ቀለም ቀብተው የሚያልፉት ያ ሊጥ ነው። ይህ ቃል ከአፉ በወጣ ቁጥር ባለ መኪናው ያለቅሳል፣ ደላላው ይሰወራል፣ ላሜራ ግን ሻዩን ያማስላል።

የራሱን መኪና የገዛ ዕለት ዝናብ ይዘንብ ነበር። ሻጩም ጃንጥላ ዘርግቶለት፣ እርሱን የሚያታልል ሰው ገና አለመወለዱን ነገረው፤ ላሜራም ይህን በሰማ ጊዜ ልቡ ኩፍ ብሎ፣ ያ የተፈራ ጣት ከኪስ ሳይወጣ ውሉን ፈረመ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በደረሰበት ሁሉ እንዲህ ሲል ያውጅ ነበር፦ «ይቺን መኪና እዩ! ከፋብሪካ እንደ ወጣች ናት፤ መዶሻ አልነካትም፣ ቀለም አልተደገመባትም። አንኳኩቼ ልይ የሚል ካለ እኔን የጠረጠረ ነው!» ማንም አላንኳኳም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ እዚህ ግን ባለቤቱን የናቁትም ቢሆኑ ጭቅጭቁን ፈርተው አጥሩን ተዉት።

ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። የግቢው እመቤት አማቱ ነበሩ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተሸፍነው፣ ሰውን በኮቴው፣ የቀኑንም ሰዓት በጎረቤት ጫጫታ ይለዩ ነበር። ሐኪሙ ሞራውን ሊገፍፍላቸው ለሰኞ ቀጥሯቸው፣ ይህ ተራ ካለፈ ሌላው ሩቅ እንደሆነ አስጠንቅቋል። ወንድ ልጃቸው ደግሞ በሩቅ ተራራ ጫፍ ላይ ዝናብና ነፋስ የሚለካ የአየር ሁኔታ ሠራተኛ ሲሆን፣ ክረምቱ የስልኩን ምሰሶ ጥሎ መንገዱን ከበላው ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። የቀረው፣ ላሜራም እንዳለው ሁሉ፣ ወዳጆቹ በመንግሥት ፈቃድ ከሩቅ የሚነጋገሩበት የአማተር ሬዲዮ ነው፤ በፀሐይ በሚሞላ ባትሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ለጥቂት ጊዜ እንደሚናገርበት የሰሙ ሰዎች ነግረዋቸዋል። የላሜራ ሬዲዮ ግን ቤቱ ጎድጓዳ ውስጥ በመሆኑና ፊት ለፊቱ ረጅም ሕንፃ ስለተገተረ፣ እንደሚፈላ ድስት ከመንሾክሾክ ያለፈ ነገር አላወጣም። እመቤቲቱም ከበረንዳቸው እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የልጄን ድምፅ ሳልሰማ ዓይኔን ለቢላ አልሰጥም። መኖሩን ከራሱ አፍ ልስማ፤ ከዚያ ወዲያ እንደፈለጋቸው ያድርጉኝ። ሐኪሙም ይስማ፤ ሰኞም ይስማ!»

ላሜራም ይህን አዋጅ ሰምቶ እጅግ ደስ አለው። አማቱን ይወድ ነበር፤ ከአማቱ ይልቅ ግን አማቱን ያዳነ መባልን ይወድ ነበር። ሬዲዮውን በመኪና ጭኖ ከከተማው በላይ ወዳለው የውሃ ታንከር ኮረብታ ቢወጣ ተራራው ፊት ለፊት እንደሚታየው ያውቃል። የጎደለው አንቴና ብቻ ነበር፤ እርሱም ሳምንቱን ሙሉ እንደ ንጉሥ ልጅ ሚስት ሲመርጥ ከረመ።

በውእቱ መዋዕል ለምርጫ የቀረቡት ሦስት ነበሩ። አንደኛው ጣሪያውን መሐል ለመሐል በስቶ የሚተከለው ነው፤ ዘንግ ከሥሩ ሰፊ ብረት ሲያገኝ ድምፅን አርቆ ይወረውራልና ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው። ሁለተኛው በኋላው መከላከያ፣ በፓራውልቱ ላይ በብሎን የሚታሰረው ረጅም ዘንግ ነው። ሦስተኛው ባለ ሦስት እግር ማግኔት ነው፤ ሳይበሱ ሳያስሩ ጣሪያው ላይ ቁጭ ማድረግ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ሐሳብ ሚስቱ በዚህ አዋጅ ቀበረችው፦ «ማንም ሰው መሰርሰሪያ ይዞ ወደዚህ መኪና እንዳይጠጋ! ጣሪያው የተበሳ ቀን ትዳሩም ይበሳል። ግማሹ መኪና የኔ ነው፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ደግሞ የምመርጠው እኔ ነኝ!» ከቀሩት ከሁለቱ ላሜራ ረጅሙን መረጠ። ማግኔቱ ይሻል ይሆን ብሎ ለአፍታ እንኳ አላሰበም፤ ረጅሙ ከሩቅ ይታያልና።

ወእምዝ በዓርብ ቀን፣ ዘንጉን በፓራውልቱ ላይ አጥብቆ አስሮ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ሕዝቡ ዳር እንዲይዝ አዝዞ፣ መኪናይቱን ከግቢው በር ወደ ኋላ በሰደዳት ጊዜ፣ ዘንጉ ጎንበስ ብሎ፣ ቀና ብሎ፣ የጎረቤቲቱን የልብስ ገመድ ጠለፈ፤ መኪናይቱ ዞራ ወደ ፊት ስትሄድም ገመዱ ከነአንሶላው ከነትራስ ልብሱ ተከተለው፤ ላሜራም በመስተዋቱ ውስጥ ነጭ ነገር ሲውለበለብ አይቶ፣ ሰው በደስታ የሚሸኘው መስሎት እጁን በመስኮት አውጥቶ አውለበለበ፤ እስከ መንገዱ መታጠፊያም እንዲሁ እጅ እየነሣ ሄዶ፣ ዘንጉ ከሥሩ ቋ ብሎ ሲሰበር ቆመ። መዋዔ አንሶላ የሚለውን ማዕረግ ያገኘው በዚህ ዘመቻ ነው። ጎረቤቲቱም ጭቃ የጠጣውን አንሶላዋን ታቅፋ መንገድ ላይ አወጀች፦ «ሰው ይፍረደኝ! የታጠበ አንሶላ ጭቃ ለጭቃ ጎትቶ አንቴና ነው የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በእጁ አጥቦ እስኪመልስልኝ ድረስ ከሥሩ አልጠፋም!» ቃሏንም ጠበቀች።

ቅዳሜ ነጋ። እመቤቲቱ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ከማለዳ ጀምሮ በመኪናው የፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ከእርሳቸው ኋላ ሚስቱ፣ የግቢው ተከራይ የሆነው ልብስ ሰፊና ከነአንሶላዋ የመጣችው ጎረቤት ተደርድረው ገብተዋል። ይህ ነበር ሠራዊቱ። ላሜራም ረጅሙ ዘንግ ተሰብሮ የቀረለትን ማግኔት በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ፣ በጣሪያው መሐል በክብር አስቀመጠውና እጁን አነሣ።

ማግኔቱ ተንሸራቶ ወረደ።

መልሶ አስቀመጠው፤ መልሶ ወረደ። ወደ ቀኝ አዛወረው፣ ወደ ግራ አዛወረው፣ በኮፈኑ ላይ ሞከረው፣ በኋላው ክዳን ላይ ሞከረው፤ ማግኔቱም እርጥብ ሳሙና ሆኖ ከየቦታው እየሸሸ ጭቃ ላይ ይተኛ ነበር። ያን ጊዜ ላሜራ ዙሪያውን ገልመጥ ብሎ፣ በዚህች መኪና ላይ አራት ዓመት ከኪስ ያልወጣውን ጣቱን አውጥቶ፣ የገዛ መኪናውን ጣሪያ ቀስ ብሎ አንኳኳ። የተመለሰለትን ድምፅ በሌላ ሰው ንብረት ላይ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል። ጣሪያው ከነኮፈኑ ከነኋላ ክዳኑ እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ ማግኔት በማይይዘው ስቱኮ የተለሰነ ነበር፤ መኪናይቱ አንድ ዘመን ላይ በጀርባዋ ተገልብጣ ኖሯል።

ጨዋ ሰው ቢሆን አፈርኩ ይል ነበር። ላሜራ ግን አዋጅ አወጀ፦ «ስሙ! ማግኔቱ ተበላሽቷል! የዘንድሮ ማግኔት ብረት አያውቅም!» ይህንም ብሎ በንዴት አሽቀነጠረው። ማግኔቱም በአየር ላይ እየተገለባበጠ ሄዶ፣ በእመቤቲቱ የውሃ በርሜል የብረት ክዳን ላይ ጓ ብሎ ተጣበቀ፤ ዘንጉም ሽቅብ ቆመ። ሳምንት ሙሉ ሲመርጥ የከረመው እርሱ ነበር፤ የሚቆምበትን የመረጠው ግን ማግኔቱ ራሱ ነው። ላሜራ ጎተተው፤ ልብስ ሰፊው ወርዶ አገዘው፤ አልላቀቅ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያለ ሰው ማግኔትን ረስቶ ነው። ሰዓቱ ግን እየሄደ ነበርና ሚስቱ በመስኮት ብቅ ብላ አወጀች፦ «ከነክዳኑ ይጫን! ወንድሜ ባትሪው ሳያልቅበት እንድረስ!»

ክዳኑ ከነአንቴናው በጣሪያው ላይ ተጫነ፤ በጎረቤቲቱም የልብስ ገመድ በመስኮትና በመስኮት መካከል ታሰረ። ገመዱ በሮቹን ስለከረቸማቸው ልብስ ሰፊው በኋላ መስኮት ገባ፤ ኃያሉ ላሜራም በፊተኛው መስኮት ጭንቅላቱን አስቀድሞ ሲገባ እግሮቹ ለጥቂት ጊዜ ውጭ ቀርተው ታዩ። በዋናው መንገድም በዚህ ግርማ አለፉ፤ እግረኛው እየቆመ ያየው ነበር፤ ላሜራ ግን በዚህ ጊዜ ለማንም እጁን አላውለበለበም።

በኮረብታው ላይ ቆመው ሬዲዮው ሲከፈት የቅዳሜው የአማተሮች ጉባኤ ተጀምሯል። በጉባኤው ልማድ አዲስ የገባ ሰው የጥሪ ምልክቱን ይናገራል፤ ከዚያ አንቴናው ምን እንደሆነና በምን ላይ እንደተተከለ ያስረዳል፤ ይህን ሳይመልስ ተራው ለሌላ አይሰጥም። በዚያች ጧት ከሚያዳምጡት መካከል የመድን ድርጅቱ የገማቾች አለቃ ነበረ፤ ከሥራ ባልደረቦቹም ግማሾቹ ነበሩ። ላሜራ ይህን ያውቃል፤ አንቴናውን ሲመርጥ ያስደስተው የነበረውም ይኸው ነው።

የጥሪ ምልክቱን በተናገረ ጊዜ ከሩቁ ተራራ የሚስቱ ወንድም ድምፅ፣ በጉንፋን የታፈነ ቢሆንም፣ አጠገባቸው የተቀመጠ ያህል ጮኾ መጣ፦ «ሰማሁህ፣ ሰማሁህ! እንደ ጎረቤት ነው የምትሰማኝ። እንዲህ አድርጎ ያመጣህ አንቴና ምንድን ነው፣ በምንስ ላይ ነው የተከልከው? ባትሪዬ እየሞተ ነው፤ ቶሎ በል!»

ላሜራ ማይክሮፎኑን በእጅጌው ጠረገ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ባትሪ ግን ያልቃል። የአለቃው ፊት ታየው፤ ያስለቀሳቸው ባለ መኪናዎች ሁሉ ተሰልፈው ታዩት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከፋብሪካ እንደ ወጣች፣ መዶሻ ባልነካት መኪና ጣሪያ ላይ የቆመ ታላቅ አንቴና መሆኑን ሊያውጅ ጀመረ፤ አረፍተ ነገሩም እንደ ልማዱ ረጅም ነበር። በዚህ መካከል የእመቤቲቱ እጅ በአየር ላይ ማይክሮፎኑን እየፈለገ መጥቶ ጉንጩን ነካ። አላገኙትም፤ አፍንጫውን ዳሰሱ፣ አገጩን ዳሰሱ። ላሜራም ያን ረጅም አረፍተ ነገር ከመሐሉ ቆረጠው፤ በዘመኑ ሁሉ ካወጃቸው አዋጆች አጭሩንም አወጀ፦

«የበርሜል ክዳን ላይ ነው። ጣሪያው ስቱኮ ነው። እናትህ ይኸው።»

ማይክሮፎኑንም በእጃቸው ላይ አስቀመጠ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ነገሩ ወዲያው በሰማይ ተበተነ። እመቤቲቱ ግን ስለ ስቱኮ አልሰሙም፤ እንዲህ ሲሉ ጮኹ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ልጄ አለ! ጉንፋን ይዞታል እንጂ አለ! ካልሲህን ደርብ፣ አንተ። እኔ ሰኞ ዓይኔን እገፈፋለሁ፤ መንገዱ ሲከፈት መጥተህ ታየኛለህ፤ እኔም አይሃለሁ!»

«እማ» የሚል አንድ ቃል ተመለሰ። ከዚያ ባትሪው አለቀና ሬዲዮው መንሾክሾክ ብቻ ሆነ። ጎረቤቲቱም መቼም ቆሽሿል ብላ በአንሶላዋ ዓይኗን ጠረገች።

ሰኞ ዕለት ሐኪሙ ሞራውን ገፈፈ። በዚያው ሰኞ በመድን ድርጅቱ ግቢ የገማቾች አለቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ላሜራ የሚባል ሰው እንደሌለና ስቱኮ የሚባል እንዳለ አስታወቀ፤ ባለ መኪናዎቹም ሳይቀሩ ሳቁ። ኃያሉ በዚያች ሳምንት ሻዩን ሳያማስል ጠጣ። እመቤቲቱም ፋሻቸው ተፈቶ ወደ ቤት በገቡ ጊዜ በሩ ላይ ቆመው ግቢውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ ከዚያ የመጨረሻውን አዋጅ አስነገሩ፦ «በርሜሌ ለምን ተከፈተ? ውሃው ላይ ቅጠል ይታየኛል! ይታየኛል እኮ! ክዳኔን አምጡ!»

ክዳኑ ግን እስከ ዛሬ ከአንቴናው አልተላቀቀምና፣ በርሜሉ በእንጨት ተከድኖ ይኖራል። እንግዲህ ምስጋናው ይጻፍ። መዋዔ አንሶላ፣ ወራሴ ክዳን፣ በመስኮት ገቢ፣ የራሱን ጉድ በአራተኛው ዓመት ያንኳኳ፣ ከሰው ሁሉ ስቱኮን ፈልጎ በራሱ ጣሪያ ያገኘ፣ በብዙ ቃል ኖሮ በጥቂት ቃል የተሰማ ላሜራ ስሙ ይጠራ። ከዚያ በፊት ሰው አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህም ወደ ልማዱ ተመልሷል። በዚያች ቅዳሜ ግን፣ ማይክሮፎኑን በሰጠባት በዚያች አንዲት ቅጽበት፣ ቢያንኳኩት ላሜራ ነበር።