አባ ጡሩምባ ንጥሻን ድል እንደ ነሡ

በሦስተኛው ዓመተ አማት፣ ይኸውም አማቲቱ ለሳምንት ብለው መጥተው በቤቱ በነገሡ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ዕረፍት፣ በዕለተ እሑድ፣ የአውቶቡስ ተራው ጠሪ፣ ድምፃቸው ከሞተር የሚልቅ፣ በእንቅልፋቸው እንኳ ተሳፋሪ የሚጠሩት ኃያሉ አባ ጡሩምባ ሕዝብ ወደሚዝናናበት የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ ዘመቱ።

ወተለውዎ ሠራዊቱ፤ በቀኝ ባለቤታቸው፣ እመቤተ ፔርሙስ፣ ቁርስ በፌስታል ቋጥረው፤ በግራ የባለቤታቸው ወንድም፣ መኪናውን የነዳ፣ መንገድ ሁለቴ ስቶ ሁለቴም «አውቄ ነው» ያለ፤ ከሁሉም ፊት አማቲቱ፣ ድኩላ ከነግልገሏ ለማየት ክረምቱን ሙሉ ሲመኙ የከረሙ።

አማቲቱም ገና ከመኪና ሳይወርዱ አዋጅ አስነገሩ፦ «ይህ ሰውዬ ካለ ድኩላው ቀርቶ ዛፉም ይሸሻል! ዛሬ አንዲት ድምፅ ቢያወጣ ዳግመኛ ከእኔ ጋር በአንድ ገበታ አይቀርብም!» ባለቤታቸውም አንገታቸውን ደፉ። አባ ጡሩምባ ይህን ባዩ ጊዜ ሆዳቸው ባባ፤ አፋቸውንም እንደ ከረጢት ቋጥረው፣ በኩሬው ዳር ወዳለችው የእንጨት መመልከቻ ጎጆ በጣታቸው ጫፍ ገቡ። የስፍራው ጠባቂም በበሩ ቆሞ አወጀ፦ «ድምፅ ያሰማ ይባረራል፤ ተመልሶም አይገባም!»

ወእምዝ ተንሥአ ጸላኢ። ከጎጆዋ ሣር ክዳን ብናኝ ወርዶ በአባ ጡሩምባ አፍንጫ ደጃፍ ሰፈረ፤ ንጥሻም ጦሩን ሰብቆ ተነሣ። በዚያችው ቅጽበት ድኩላይቱ ግልገሏን አስከትላ ወደ ውሃው ወረደች። አባ ጡሩምባም አፍንጫቸውን በሁለት ጣት ማረኩ፣ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ እንባቸው ፈሰሰ፣ ጆሯቸው እንደ ፍም ቀላ፣ አንገታቸው አበጠ፤ የሚስታቸው ወንድምም ሊፈነዱ ነው ብሎ ሸሸት አለ። ንጥሻ ደጋግሞ ገሠገሠ፣ ደጋግሞ ተመለሰ፤ በመጨረሻ ዋጡት፣ እርሱም እንደ እስረኛ በሆዳቸው አጉረመረመ።

ያን ጊዜ ታላቅ ጩኸት ሆነ፦ «እሰይ! እሰይ! ግልገሏን እዩልኝ፣ ስታምር!»

የጮኹት አማቲቱ ነበሩ፤ ደግሞም አጨበጨቡ። ድኩላይቱና ግልገሏ ብን ብለው ጠፉ። ጠባቂውም ዱላውን ይዞ ገባና «የጮኸው ማነው? ይውጣ!» ሲል አዋጁን አጸና። አማቲቱ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ፤ ፊታቸውም ዐመድ መሰለ።

አባ ጡሩምባም ይህን አይተው ተነሡ፤ ደረታቸውንም ነፍተው አወጁ፦ «እኔ ነኝ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ጠባቂውም ድምፃቸውን ከሰማ ወዲያ ሌላ ምስክር አልፈለገም።

እንዲህም ተሰደው መኪናው ዘንድ እንደ ደረሱ እስረኛው ሰብሮ ወጣ፤ ከዛፎቹ ሁሉ ወፍ ተነሣ፣ የመኪናውም መስታወት ተርገፈገፈ። አማቲቱ ግን የቀረውን ትዕይንት ትተው በገዛ እግራቸው ተከትለዋቸው ነበርና፣ ሻዩን በእጃቸው ቀድተው እየሰጡ፣ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ከአፋቸው ያልወጣውን ቃል አወጁ፦ «ይማርህ፣ ልጄ!»

አባ ጡሩምባም ጽዋቸውን ተቀብለው ዝም አሉ፤ ይህኛው ዝምታ ግን ማንም ያላዘዘው ነበር።

ምሽግ የሰበረ ብዙ ነው፤ ወንዝ የተሻገረም አይጠፋም፤ የገዛ አፍንጫውን ገዝቶ የአማቱን ጥፋት የተሸከመ ግን ከአባ ጡሩምባ በቀር ማን አለ? ጉሮሯቸው ይለምልም፣ አፍንጫቸው ይክበር፣ ስማቸውም ለዘለዓለም ይጠራ፤ ለጊዜው ግን በሹክሹክታ፣ ድኩላይቱ ተመልሳ ውሃ እየጠጣች ነውና።