በልጄ ኢንተርቪው መሀል የሽማግሌ ወግ ያወራሁ ለታ

ቀኑን በትክክል አላስታውሰውም። ገብሱ ታጭዶ ነበር፤ ኔትወርክም እንደ ልቡ ብቅ ጥልቅ የሚልበት ጊዜ ነበር። የሆነውን ግን ብነግራችሁ አታምኑኝም!

ልጄ እታገኝ ሶፍትዌር ኢንጂነር ናት። ምን ማለት እንደሆነ እኔም ገና እየተማርኩ ነው። ተመርቃ ሥራ ብታጣ ወደ ቤቷ መንዝ ሞላሌ ተመለሰች።

ከዚያ አንድ ስታርታፕ የሚሉት አዲስ ድርጅት ከቤቷ ሆና በላፕቶፕ የምትሠራው ፈተና ሰጣት። ቢሮ የለውም! ሠራተኛው ሁሉ በየቤቱ ነው።

ፈተናውን አለፈች። የቀረው አንድ ቪዲዮ ኮል ብቻ። ከተቀበሏት እዚሁ ከእኔ ጋር እየኖረች ኢንጂነር ትሆናለች። ካልተቀበሏት ኮብልስቶን ፈለጣ ነው፤ የድንጋይ ፈላጮቹ ማኅበር ውስጥ ተመዝግባለች።

«አባባ፣ እባክዎ ድምፅ አያሰሙ» አለችኝ። ኔትወርኩ ጓዳ ስለማይገባ ላፕቶፑ እልፍኝ ነው። እኔም ጥግ ይዤ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

አንድ ፈረንጅና አንድ ያገራችን ሰው መጡ፤ ማለቴ ስክሪኑ ላይ። እታገኝ እንግሊዝኛውን እንደ ዳዊት ወረደችው! ልቤ ሞቀ።

ሊያበቁ ሲሉ ያገራችን ሰው በአማርኛ «ቤተሰብስ እንዴት ነው?» አላት።

ተነሳሁ!

ምን ላድርግ? ተቀምጦ ሰላምታ የሚቀበል የመንዝ ሽማግሌ አይታችኋል? ካሜራው ውስጥ ጋቢዬ ብቻ ገባ፤ ከአንገት በላይ የለሁም!

«አባቴ ናቸው» አለች እታገኝ በቀጭን ድምፅ። ጎንበስ ብዬ ፊቴን አሳየሁ።

«አባት፣ ጤና ይስጥልኝ! ልጅዎ እንዴት ያለች ናት?» አለኝ ሰውየው ሳቅ ብሎ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ መጥቶ ልጅ ሲጠይቅ አባት ልጁን ያጣጥላል። ያሞገሰ አባት ልጁን ገበያ እንዳወጣ ነው የሚቆጠረው። የሟች ባለቤቴ አባት እንኳ «ውሃ ማፍላት አታውቅም» ብሎ ነው የሰጠኝ። ቤቱን ሙሉ ቀጥ አድርጋ የያዘችው ግን እሷ ነበረች!

ስለዚህ «ኧረ እሷ ምን ታውቃለች!» አልኩት። «ገና ልጅ ናት። የጀመረችውን አትጨርስም።»

ከዚያ ጠበቅኩ። በወጉ ሽማግሌው «ግድ የለም፣ እኛ ዘንድ ትማራለች» ይላል። ያን ጊዜ አባት ይለሳለሳል፤ ነገሩ ያልቃል።

ሰውየው ግን ወደ ፈረንጁ ዞሮ ቃል በቃል ተረጎመለት!



አልበቃውም ይሆን ብዬ ጨመርኩበት፦ «ሰነፍም ናት!»

እታገኝ አፏን በእጇ ያዘች። ፈረንጁ አንድ ነገር ጻፈ። እሷ «ወጋችን ነው፣ አባቴ እኮ…» ብላ ስትጀምር ኔትወርኩ ሄደ። ሰዎቹ እንደተፋጠጡ ስክሪኑ ላይ ደርቀው ቀሩ።

ኔትወርኩ ሲመለስ መልእክት ይዞ መጣ። ሌላ ሰው ወስደዋል፤ መልካም ዕድል ተመኝተውላታል። ምክንያት የለውም።

«በእርስዎ አይደለም አባባ» አለችኝ። በእኔ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህ ነው የሚከብደው።

ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። በማግስቱ መዶሻ ይዛ ወጣች።

እኔ ድንጋይ በምትፈልጥበት መንገድ ማለፍ ተውኩ። ገበያ የምሄደው በገደሉ ዞሬ ሆነ። ጠላ ቤት አንዱ «ኢንጂነርህ ድንጋዩን ፕሮግራም እያደረገችው ነው አሉ!» ቢለኝ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም።

አንድ ቀን ጎረቤቴ አያ ጌታነህ በሩን ገፍቶ ገባ። «ተነስ! ምሳዋን እናድርስላት።»

«አፍራለሁ» አልኩት።

«ሠርታ የምታድረው እሷ! የምታፍረው አንተ! ምን ቤት ነህ?» አለና እጄን ይዞ ጎተተኝ።

ስንደርስ ቅንድቧ በአቧራ ነጥቷል። ጠጋ ብላ ድንጋዩ ላይ ቦታ ለቀቀችልን፤ ሦስታችንም ከአንድ አገልግል በላን። «ጎበዝ ነሽ» ልላት ሦስቴ አፌን ከፍቼ ሦስቴም ጎረስኩበት!

እናንተ የፌስቡክ ልጆች፣ ልጅ ፊት ለፊት ሲሞገስ አፍ እንዴት ይታዘዛል? ንገሩኝ፤ እኔ ገና እየተለማመድኩ ነው።

በዚያ መንገድ እንደገና እንድሄድ ያደረገኝ ግን አያ ጌታነህ ነው።