ቀዩ ጫማ ለምን አረረ

እናንተዬ፣ ቀለምን የመሰለ ነገረኛ አላየሁም። ዛሬ ቀይ ብትለብሱ አማረባችሁ፣ ነጭ ብትለብሱ ሠርግ አለ ወይ ትባላላችሁ፤ አለቀ። በደርግ ጊዜ ግን ነጭ የጠላት፣ ቀይ የአብዮቱ ስም ነበርና ፒያሳ ቡና ቤት ገብቶ ወተት የሚያዝ ሰው እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ማጋነን ነው ካላችሁ እናንተ ያኔ አልነበራችሁም።

በዚያ ዘመን ዶሮ ማነቂያ ውስጥ፣ አሮጌ ፕላስቲክ አቅልጦ ጫማ የሚሠራ የኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። አቅላጫችን ጋሽ ደስታ የለየላቸው አራዳ ናቸው፤ ሙያቸውም ከምላሳቸው አይተናነስም። ፕላስቲክ ብቻውን እሳት ሲያገኘው እንደ ኮምጣጤ የሚሰነፍጥ ጭስ ያወጣል፤ ያ ጭስ መልሶ ፕላስቲኩን ይበላዋል። ጋሽ ደስታ ታዲያ ነጭ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይነሰንሱበታል። ዱቄቱ ያንን ኮምጣጣ ነገር ይመጥጥለትና ፕላስቲኩ ሳያር ይቀልጣል። ጫማው መልኩ ነጣ ይላል እንጂ ጊዮርጊስን ሺህ ጊዜ ቢዞሩበት አይሰነጠቅም።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለአብዮት በዓል ሰልፍ ቀይ ጫማ አዘዙ። ቀለም ከገበያ ጠፍቷል። "ቀይ አፈር ሞልቶ ቀለም ምን ይሠራል!" ብለው በጆንያ አስመጡ። ጋሽ ደስታ "ተዉ፣ ይሄ አፈር ብረት አለበት፤ ፕላስቲክን ከእሳት ጋር ያጣላል" ብለው ነበር። ማን ሰምቷቸው! ነጩ ቀርቶ ቀዩ ገባ። እናላችሁ፣ ፕላስቲኩ ገና ሞቅ ሲለው ተንጨረጨረ፤ ጭሱ አትክልት ተራ ድረስ አስነጠሰ። የወጣው ጫማ ጥቁር ከሰል ሆኖ ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን ደበደቡት።

"ጓድ ደስታ! ይሄ አሻጥር ነው ወይስ ምንድን ነው?"

ያኔ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ቤቱ አያድርም። እውነቱ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ቀዩ ያሳርራል፣ ነጩ ያድናል። በሉ እስቲ፣ እናንተ ተነሥታችሁ ተናገሩት! እኔ የሚባለውን ሁሉ በቃለ ጉባኤ መጻፍ አለብኝ። በልቤ "ጋሽ ደስታ፣ በእናትዎ ዝም ይበሉ" እላለሁ። ፈራሁላቸው፤ እንዳልዋሻችሁ፣ ለራሴም ፈራሁ።

ጋሽ ደስታ ተነሡና ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ጥፋቱ የፕላስቲኩ ነው። ቀዩን ለመሸከም ንቃቱ አልደረሰም።"

ሊቀመንበሩ አተኩረው አዩዋቸውና ወደ እኔ ዞረው "ጻፍ" አሉ። ጻፍኩ፦ የፕላስቲኩ ንቃተ ህሊና ዝቅተኛ ሆኖ በመገኘቱ፣ እስኪነቃ ድረስ በቀድሞው ዱቄት እንዲሠራ ተወስኗል። በጭብጨባ ጸደቀ።

ሰው ሲበተን ሊቀመንበሩ የጋሽ ደስታን ክንድ ያዝ አደረጉ። ግራ ቀኝ ገልመጥ ብለው፣ "ጓድ" የሚለውንም ትተው አንሾካሾኩ።

"ጋሽ ደስታ፣ ቁጥሬ አርባ ሁለት ነው። ከነጩ ያድርጉልኝ።"