ክሊፎርድ ባስኮም በኮዶርኒስ ጎዳና ካዮቲቱን ድል እንደነሱ

ወኮነ በዘመነ ክሊፎርድ ባስኮም፣ የኮዶርኒስ ጎዳና ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነው በወንበሩ በተቀመጡ በዘጠነኛው ዓመት፣ ሣር ውሃ እንዳይጠጣ በታወጀ በሁለተኛው፣ የቆሻሻ መኪና ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ በተዛወረበት በወርኃ ግንቦት፣ በሎስ አንጀለስ ከኮረብታው ግርጌ ታላቅ ሽብር ሆነ። ካዮቲ የሚሉት አውሬ፣ ከቀበሮ የሚበልጥ ከተኩላ የሚያንስ፣ ጆሮዋ የተቀደደ አንዲት እንስት፣ ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ በአስፋልቱ መሐል እንደ ቤት ባለቤት ትንጎራደድ ጀመረች።

ጡረተኛዋ ነርስ ሊጋያ ማናላንግ ዳቦ የምታክል ውሻዋን ይዛ ስትወጣ ይህች አውሬ ከኋላዋ ተከተለቻት፤ ሦስት የመንገድ ማዕዘን ብትታጠፍም ተከተለቻት። ሊጋያም ውሻዋን ካህን ታቦት እንደሚያከብር በራሷ ላይ አድርጋ፣ አንድ ጫማዋን ለጠላት ትታ ቤቷ ገባች።

ይህ በተሰማ ጊዜ ባስኮም፣ አርባ ዓመት የመኪና ኢንሹራንስ የሸጡ፣ አጥር የሚያስለኩ፣ የጎረቤት ሙዚቃ የሚያስቀንሱ፣ ሠራዊታቸውን በግቢያቸው ሰበሰቡ፤ በቀኛቸው የጥርስ ሐኪሙ ጎርማን ከነጎልፍ ዱላው፣ በግራቸው ሊጋያ በአንድ ጫማ፣ ከኋላም ስልካቸውን የሚነካኩ ሃያ ስምንት ሰዎች ቆሙ። አዋጁም እንዲህ ተነገረ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ይቺ አውሬ ትያዝ፣ ትገደል። አቤቱታውን ራሴ ጽፌዋለሁ፤ እናንተ መፈረም ብቻ ነው።»

ሁሉም ፈረሙ።

በማግስቱ ከከተማው የእንስሳት ጽሕፈት ቤት ሮዛሪዮ ኢባራ የምትባል ሴት መጣች፤ ስለ ወጥመድ ከመናገሯ በፊትም በባስኮም ጎረቤት በሊጋያ በር ላይ ያለው ካሜራ የቀዳውን አሳዩኝ አለች። ሠራዊቱ ስልኩን ከቦ አየ። እነሆ ሊቀ መንበሩ በማለዳ ሐምራዊ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ የተጠበሰ ዶሮ በሳህን ይዘው፣ ከአቮካዶ ዛፋቸው ሥር ቆመዋል፤ አውሬይቱም ከፊታቸው ተቀምጣለች። ድምፁም ጥርት ብሎ ተሰማ፦ «ነይ የኔ እመቤት። ዛሬ ቆዳው ደህና ነው።»

ጎርማን ዱላውን ዝቅ አደረገ።

«ይቺ ሌላ ናት» አሉ ባስኮም። «የኔዋ ጨዋ ናት። ሳህኑን እስካስቀምጥ ቁጭ ብላ ነው የምትጠብቀኝ።»

«ጆሮዋን ይዩትማ፣ ሚስተር ባስኮም» አለች ሮዛሪዮ። «ሰው ማለት ዶሮ ማለት ነው ብለው ያስተማሯት እርስዎ ነዎት። ሊጋያንም የተከተለቻት ሳህኑ የታለ ብላ ነው። ውሻውን ግን አንድ ቀን ትወስደዋለች።»

«ታዲያ ይዛችሁ ሩቅ ጫካ አትለቋትም?»

«ሕጉ አይፈቅድም። ከተያዘች ሞት ነው።»

ባስኮም አቤቱታውን ከኪሳቸው አወጡ፤ በገዛ እጃቸው የጻፉትን «ትገደል» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሚስታቸው ትታቸው ከሄደች ወዲህ በማለዳ የሚጠብቃቸው ፍጥረት ይህች ብቻ እንደሆነች ለማንም አልተናገሩም ነበር፤ ያን ዕለትም አልተናገሩም። ወረቀቱን አጣጥፈው መልሰው ከተቱትና ምን ይሻላል አሉ።

«ያባርሯት» አለች ሮዛሪዮ። «በገዛ እጅዎ። ሰው እንደሚያስፈራ ካላወቀች አትተርፍም።»

ወእምዝ ጦርነቱ ተከፈተ። በመጀመሪያው ማለዳ ጀግናው የድስት ክዳንና የእንጨት ማንኪያ ታጥቀው ወጡና፣ ሕፃን እንዳይነቃ የሚፈሩ ይመስል ኳ፣ ኳ አደረጉ። አውሬይቱ ተቀምጣ ከንፈሯን ላሰች።

«እባክሽን፣ ሂጂ።»

ሊጋያ ከአጥሩ ማዶ ብቅ አለች። «ክሊፍ፣ ምሳ ደረሰ እያልካት ነው እንዴ? ጮክ በል እንጂ።»

በሁለተኛው ማለዳ የውሃ ጎማ አነሡ፤ ሲረጩ ግን ፊታቸውን ስላዞሩ ጎርማን ከነሸሚዙ ራሰ።

በሦስተኛው ማለዳ፣ ሊጋያና ሮዛሪዮ ቆመው ሲያዩ፣ ባስኮም ክዳኑን እየደበደቡ፣ ጎማውን እየጎተቱ፣ በዜና መዋዕል የማይጻፍ ስድብ እየተሳደቡ ወረዱባት። የጋዋናቸው መቀነት ተፈታ፤ ነጠላ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ቀረ። ውሃው ፊቷን መታት። ዘልላ አጥሩን አለፈችና ከዳገቱ ላይ ቆማ ዞራ አየቻቸው፤ ሰው ተሳስታ እንደሆነ የምትጠይቅ ትመስላለች። ባስኮምም ጎማውን ወደ መሬት አዘነበሉ።

«አሁን እንዳይቆሙ» አለች ሮዛሪዮ። «አሁን ካቆሙ ገደሏት።»

እርሳቸውም በባዶ እግራቸው ዳገቱን ወጡ፤ ጎማው አልደርስ ቢል ክዳኑን ወረወሩ። አውሬይቱ ጅራቷን በእግሮቿ መሐል አድርጋ ኮረብታውን ተሻገረች።

ከዚያም ሰፈሩ የድል ግብዣ አደረገ፤ ጎርማን ዱላዬን አይታ ነው የሸሸችው ሲል መሰከረ፤ አቤቱታውን ከፈረሙት ሠላሳ ሰዎችም ፈርሜ ነበር የሚል አንድ ስንኳ አልተገኘ።

በመስከረም ሮዛሪዮ መጥታ፣ ካዮቲቱ ከሸንተረሩ ማዶ አይጥ እያደነች መታየቷን ነገረቻቸው። «ጤነኛ ናት። ሰው ገና ከሩቅ ስታይ ትሮጣለች።»

«እኔንም ብታይ?»

«እርስዎንማ ከሁሉ በፊት ነው የምትሸሸው፣ ሚስተር ባስኮም።»

ባስኮም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መልካም ሥራ ሠርታችኋል ብለውም በር ድረስ ሸኟት።

እንግዲህ ክብር ለክሊፎርድ ባስኮም ይሁን፣ ሞት ፈርደው ፍርዳቸውን በኪሳቸው ለሸሸጉ፣ በኮዶርኒስ ጎዳና ከሚኖር ሰው ሁሉ ይልቅ ለተፈሩ፤ ይህንንም ዝና በሚወዷት ፊት ላተረፉ።