የአሥር አለቃ አድማሴ አሥራ አምስት ቀን

በየከተማው አንድ "ለአሥራ አምስት ቀን ብቻ ነው" ባይ አይጠፋም። ሲናገር ከልቡ ነው፤ መጀመሪያ የሚያምነውም ራሱ ነው። በረሀቡና በአብዮቱ ዘመን የመካነ ሰላም ድርሻ ክቡር አሥር አለቃ አድማሴ ነበሩ። የዚያ ዘመን ሰዎች ዛሬም ስማቸው ሲነሣ መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥሎ ዝም ይላሉ። ያኔ ያልሳቁት አቶ አራጌ ብቻ ናቸው፤ አሥር አለቃው ልጃቸውን ቦጋለችን ሊያገቡ ሽማግሌ ልከውባቸው ነበርና።

አቶ አራጌ ወታደር ጠልተው አይደለም። በስድሳ ስድስቱ ረሀብ ሁለት ወንዶች ልጆች ቀብረዋል፤ የቀረቻቸው ቦጋለች ናት። ለእሷ የሚመኙት ማታ ማታ እቤቱ የሚገባ ባል ነው። አሥር አለቃው ያሉባት አነስተኛ ጦር ደግሞ አንድ ቦታ ሰው በጎደለ ቁጥር ተነሺ የምትባል ነበረች።

"ልጁን ራሱን ልየው፤ ለእሑድ ይዛችሁት ኑ" አሏቸው ሽማግሌዎቹን።

ሐሙስ ዕለት አቀስታ ላይ የእርዳታ እህል ጠባቂ አነሰ ተባለና ጦሯ ተነሣች። እሑድ የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ ልብስ ሰፊው አቶ ጀብሪል፣ ብቻቸውን መጡ። "አብሽር አራጌ፣ ለአሥራ አምስት ቀን ነው ብሏል" አሉ። አሥር አለቃው የተመለሱት በአራተኛው ወር ነው። ሌላ ቀጠሮ ተያዘ፤ አሁን ደግሞ አጅባር ገበያ ተረበሸ ተባለ። በሦስተኛው ቀጠሮ አሥር አለቃው ጀብሪል የሰፉላቸውን አዲስ ኮት ለብሰው እስከ አቶ አራጌ አጥር በር ደርሰው ነበር። መልእክተኛ እዚያው ደረሰባቸው፤ ጉዞ ወደ ማሻ። ኮታቸውን አውልቀው፣ "ለአሥራ አምስት ቀን ያስቀምጡልኝ" ብለው ለአቶ አራጌ ሰጡ። ኮቱም ገና እሺ ባላሉ አማት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከረመ።

"ኮቱን ጥሎ የሄደ ሰው አንቺን ይጠብቃል?" አሏት ልጃቸውን።

"አልጣለውም እኮ አባባ፤ እርስዎ ጋ ነው ያስቀመጠው።"

ስድሳ ዘጠኝ ሐምሌ ላይ ጦሯ ወደ ኦጋዴን ተጠራች። ይሄኛው የአሥራ አምስት ቀን ጉዳይ እንዳልሆነ ሕፃን ልጅም ያውቅ ነበር። ወታደሮቹን የጫነው መኪና ከከተማው መውጫ ላይ ጭቃ ያዘውና ወታደሩም ሕዝቡም ተጋግዞ ይገፋ ጀመር። አቶ አራጌ ትከሻቸውን ሰጥተው ሲገፉ፣ አጠገባቸው የሚያቃስቱት ክቡር አሥር አለቃ ሆነው ተገኙ።

"ደኅና ነዎት፣ አባባ?"

"ዝም ብለህ ግፋ።"

ገፉ።

"ሰጥቼሃለሁ" አሉ አቶ አራጌ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

"ምን?"

"ቦጋለችን ነዋ፤ ሌላ ምን አለኝ?"

ያን ጊዜ መኪናው ከጭቃው ወጣ። አሥር አለቃው ምርቃት እንኳ ሳይቀበሉ ሮጠው ተንጠለጠሉ። አቶ አራጌ ያን መኪና በመግፋታቸው ራሳቸውን ሲረግሙ ኖሩ።

በዓመቱ፣ የአሥር አለቃው ደብዳቤ መምጣት ካቆመ በስምንተኛው ወር፣ የአንድ ነጋዴ ሽማግሌዎች ቦጋለችን ሊጠይቁ መጡ። ነጋዴው ቤቱ ገበያው ፊት ለፊት ነው፤ ከከተማ ወጥቶ አያውቅም፤ ሲመኙት የኖሩት ዓይነት አማች።

"ልጄ ባል አላት" አሏቸው።

"ታዲያ የት አለ?"

"ሥራ ላይ ነው። ይመጣል።"

"አይ አራጌ፣ ልጅቷ እስከ መቼ ትጠብቅ?"



"እሷ ብትሰለች እንኳ" አሉ አቶ አራጌ፣ "እኔ እጠብቀዋለሁ።"