ሐይቅ ነው ያለችኝ

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ «ፈጥራ ነው» ትሉኛላችሁ። ምነው ፈጥሬው በሆነ!

በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ መኪና ውስጥ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ሁለቱንም ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ፣ በልጄ የሥራ ባልደረቦች ፊት ተዋረድኩ።

ጥጡ ይቆያችሁ። እንደርስበታለን።

ልጄ ሊዲያ ሥራ ከያዘች ዓመት ሞላት። የመጀመሪያ የዓመት ፈቃዷን ስታገኝ ደወለችልኝ። እኔ ቀራንዮ፣ ቤታችን በር ላይ ቆሜ ነው የማወራት፤ የእኛ ሰፈር ኔትወርክ ከበር አልፎ ወደ ውስጥ አይገባም።

«እማዬ፣ ተዘጋጂ! ሐይቅ ነው የምወስድሽ! ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ነን። ቀላል ልብስ ያዢ፣ ዓሣ እናበላሻለን፣ ደግሞ...»

ተቋረጠ።

ሐይቅ!

እኔ የማውቀው ሐይቅ አንድ ነው። ወሎ፣ ከደሴ አለፍ ብሎ ያለው። ድሮ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሴትዮ «አገርዎ የት ነው?» ሲባሉ «ሐይቅ» ይሉ ነበር። ስለዚህ ልጄ ሐይቅ ስትለኝ ሐይቅ ገባኝ። እናንተስ ምን ይገባችሁ ነበር? እውነቱን ተናገሩ እስቲ!

መልሼ ደውዬ መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅኩም።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሊዲያ የተመረቀች ቀን ምሳ ላይ የጓደኛዋ እናት መጥተው ነበር። አስተማሪ ናቸው። ስለ አገሩ፣ ስለ መጽሐፉ፣ ስለማላውቀው ነገር ሁሉ አንድ ሰዓት ሙሉ ለልጄ አወሩላት። ልጄ አፏን ከፍታ ትሰማለች። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ የልጄን ቦርሳ ይዣለሁ።

ቦርሳውን በደንብ ነው የያዝኩት። ማንም አልነካውም።

የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ልጄ በዚህ አንድ ቀን አፍራብኝ አታውቅም። ያን ዕለት ግን አንድ ነገር ተመኘሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሷ የማታውቀውን ነገር እኔ ልንገራት። እንደዚያ አፏን ከፍታ ትስማኝ።

እንግዲህ «ሐይቅ የት ነው?» ብዬ ብደውልማ ገና ሳልጀምር አለቀልኝ! ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት ስለ አገሩ አንብቤ ለመጨረስ ወሰንኩ። በምስጢር። ሰርፕራይዝ!

ጦር ኃይሎች፣ ታክሲ መያዣው አጠገብ፣ መሬት ላይ ሸራ ዘርግተው አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ጋሽ ታምሩ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። የመነጽራቸው አንድ እግር በክር የታሰረ ነው።

«ጋሽ ታምሩ፣ ስለ ሐይቅ የሚያወራ መጽሐፍ አለዎት?»

«የትኛው ሐይቅ?» አሉኝ።

አያችሁ? ጠይቀውኝ ነበር! መዳኛዬ እዚያ ቆሞ ነበር!

«ሐይቅ ነዋ!» አልኳቸው፤ ያውም ኮራ ብዬ።

«አአ፣ የወሎውን!» ብለው ጎንበስ አሉ። «ልትሄጂ ነው? እንግዲያው አንድ አይበቃሽም። አንዱ ታሪኩን ይነግርሻል። አንዱ ደግሞ ልብ ወለድ ይሁን፣ ሰዉን ታውቂበታለሽ።»

አንድ ቀጭን መጽሐፍም ጨመሩልኝ። «ይሄስ?» ብላቸው «እሱ የመንገዱ ነው» አሉ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለውን እየተረከ የሚሄድ።

ታሪኩንና የመንገዱን ወዲያው ወሰድኩ። ልብ ወለዱ ላይ ነው ጉድ የፈላው!

እኔ ልብ ወለድ የምመርጥበት የራሴ ደንብ አለኝ። መጀመሪያ ፊደሉ ትልቅ መሆኑን አያለሁ። ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ አነባለሁ። ልጅ የሚሞትበት ከሆነ እመልሰዋለሁ።

አራት መለስኩ። ለካ ልብ ወለድ ውስጥ ልጅ እንዲህ ይሞታል!

«አንቺ ሴትዮ፣ መጨረሻውን ካወቅሽውማ ምኑን ታነቢዋለሽ?» ብለው ተቆጡኝ።

«ጋሽዬ፣ ሦስት መቶ ገጽ ተጨንቄ ከዚያ ደግሞ ላልቅስ እንዴ?»

በአምስተኛው መጨረሻ ገጽ ላይ ሰዎች ገበያ ውለው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በደህና ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ሌላ ምንም የለም። «ይህን ይስጡኝ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት እኔ ቀራንዮ አልነበርኩም።

አነባበቤ ቀስ ያለ ነው። መስመሩን በጣቴ እከተላለሁ። ደስ ያለኝ ቦታ ስደርስ በእርሳስ አሰምራለሁ፤ «ይህን ለሊዲያ» እያልኩ። ከጦር ኃይሎች ስመለስ ታክሲ ውስጥ አንድ ገጽ ልይ ብዬ ከፍቼ መውረጃዬን አልፌ ዓለም ባንክ ደረስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «እናቴ፣ የት ነበር የሚወርዱት?» ስትለኝ «ሐይቅ» ልላት ምንም አልቀረኝም።

ጠዋት በር ላይ ስቆም ጉም ወርዶ ይጠብቀኛል። የጎረቤቶቼ ጣሪያ ጫፍ ጫፉ ብቻ ብቅ ብሏል፤ ውሃ መሃል እንዳለ መሬት። ከሩቅ የመድኃኔ ዓለም ደወል ይሰማል። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት የሐይቁ ገዳም መነኮሳት ደወል በውሃው ላይ ተንሳፎ የመጣ ይመስለኛል። ልብስ ስዘፈዝፍ ባኞው ላይ ቆሜ እቀራለሁ። አረፋው ቀስ እያለ ወደ ዳር ይሸሻል፣ መሃሉ ጥርት ይላል፣ አንድ ነገር ብቻ ላዩ ላይ ተንሳፎ ይዞራል። ደሴት!

«ካልሲዬን ምን እያደረግሽው ነው?» ይላል ባሌ።

ከሁሉም የያዘኝ አንድ አፈ ታሪክ ነው። ጥንት ሐይቁ ያለበት ቦታ ደረቅ አገር ነበር ይላል። ሰዎች አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በደሉ። እሷም መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ውሃ ከአራቱም አቅጣጫ መጣ። አገሩን ሁሉ ሸፈነ፤ እሷ የተቀመጠችባትን መሬት ብቻ ሳይነካ ቆመ። ያቺ መሬት ደሴት ሆነች።

ልጇስ? መጽሐፉ አይልም! ወደ ፊት ገለጥኩ፣ ወደ ኋላ ገለጥኩ፣ የለም። እንቅልፍ አጣሁ። በደህና ተገላግላ ይሆን? በዚያ ብርድ ምን አለበሰችው?

እንግዲህ ዛሬ ጠዋት።

ብሩክና ማህሌት የሚባሉት ባልደረቦቿ በብሩክ መኪና መጡልን። ባሌ ቤት ሊጠብቅ ቀረ። እኔ ሦስት ጋቢ፣ ለማቅለሽለሽ ሎሚ፣ ባዶ ፌስታል፣ መርፌና ክር፣ ጥጥ፣ ሦስት መጽሐፍ ይዣለሁ።

«እማዬ፣ ቀላል ልብስ አላልኩሽም?»

ልጅ ምን ታውቃለች? መጽሐፉ መንገዱ ላይ ብርድ አለ ብሏል! «በኋላ ታመሰግኑኛላችሁ» ብዬ አንዱን ጋቢ ማህሌት ላይ፣ አንዱን ልጄ ላይ ጣል አደረግሁ።

አዲስ አበባን እንደወጣን ጉሮሮዬን ጠረግ አደረግሁ።

«ይህ የምንሄድበት ሐይቅ እንዴት እንደተፈጠረ ታውቃላችሁ?»

«አናውቅም፣ ማዘር፣ ይንገሩን እስቲ» አለ ብሩክ።

ነገርኳቸው። ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ሴቲቱ ቁጭ ብላ አለቀሰች ስል ማህሌት «ውይ!» አለች። ውሃው ከአራቱም አቅጣጫ ሲመጣ ልጄን አየኋት። ዞራ እያየችኝ ነው።

አፏ ተከፍቷል!

ምነው እዚያው ላይ ባበቃሁ! ግን እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። መንገዱ ቀጥ ብሎ ሲሮጥ ስናየው ቆየን፤ እንግዲህ መጽሐፉ ያለው ቁልቁለት ደረሰ ብዬ ወሬዬን አቋረጥኩና ጥጤን አወጣሁ። ጆሮዬን ደፈንኩ። ለእነሱም አደልኩ።

«እማዬ፣ ጆሮሽን አመመሽ?»

«አይ፣ ለጣርማ በር ነው። ዋሻውን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ጆሮ ይደፍናል። ያዢ አንቺም።»

ጥጡን እንደያዙ እርስ በርስ ተያዩ።

«ማዘር...» አለ ብሩክ በመስተዋቱ እያየኝ። «ጣርማ በር በደብረ ብርሃን በኩል አይደለም እንዴ? እኛ እኮ ሞጆን አልፈናል።»

«እማዬ፣ የት የምንሄድ መስሎሽ ነው?»

«ሐይቅ ነዋ!»

«የትኛው ሐይቅ?»

የጋሽ ታምሩ ጥያቄ! ሦስት ሳምንት ዞሮ ዞሮ መኪና ውስጥ አገኘኝ!

ከዚያ ልጄ አንድ ነገር አለች፤ አልሰማሁም። ጥጡን ከአንዱ ጆሮዬ ነቀልኩና «ምን አልሽ?» አልኳት።

«ሐዋሳ! ሐዋሳ ሐይቅ ነው እኮ የምንሄደው!»

ማህሌት ጋቢውን አፏ ውስጥ ከታ ሳቀች። ብሩክ መኪናውን ዳር አስይዞ ሳቀ። ልጄም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሲስቁ ምን ላድርግ?

ከዚያ ወዲያ መስኮት መስኮቱን ሳይ ቆየሁ። ቦርሳዬን ከነመጻሕፍቱ ጭኔ ላይ አድርጌ ግጥም አድርጌ ያዝኩት። ቦርሳ መያዝ እንደሆነ እችልበታለሁ።

ሐዋሳ ደረስን።

ስለ ሐዋሳ አንዲት መስመር አላነበብኩም። አንዲት! እንደዚያ ባዶ ሆኜ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ውሃው ሰፊ ነው። ዳር ዳሩ እየተርገበገበ መሃሉ ዝም ብሏል። ከወዲያ ያለው ተራራ ሰማይ ውስጥ ሊሟሟ ምንም አልቀረውም። አጠገቤ አባ ኮዳዎች ቆመዋል፤ እነዚያ ዓሣ ሲበለት የሚጠብቁ ትልልቅ ወፎች። ራሳቸው መላጣ፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ ጥቁር የለበሱ፣ አንገታቸውን ደፍተው በአርምሞ።

መነኮሳት እያለምኩ መጥቼ አባ ኮዳ አገኘሁ!

ልጄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ቦርሳዬን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችና ከፈተችው። አንዱን መጽሐፍ ገለጠች። ከዚያ ሌላ ገጽ። ከዚያ ሌላ።

«ይህን ሁሉ ያሰመርሽው አንቺ ነሽ?»

«ለአንቺ ልነግርሽ ያልኩትን ነው» አልኳት። «አሁንማ ምን ያደርጋል? የዚህ ሐይቅ አይደለም።»

ያሰመርኩትን አንድ መስመር በጣቷ ተከትላ አነበበች።

«ያቺ ሴትዮስ?» አለችኝ። «ውሃው ከከበባት በኋላ?»

«የተቀመጠችባት መሬት ደሴት ሆነች።»

«ልጇስ?»

እንግዲህ ምን ልበላት? መጽሐፉ አይልም። እኔ ደግሞ ልጅ የት እንደደረሰ የማይታወቅበት ታሪክ አልወድም።

«ሴት ልጅ ወለደች» አልኳት። «አደገች። ተማረች። ሥራ ያዘች። በመጀመሪያው የዓመት ፈቃዷ እናቷን ሐይቅ ወሰደቻት።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ፊቷን ጋቢዬ ውስጥ ቀበረች። እየሳቀች ይሁን ሌላ እንጃ፤ ትከሻዋ ይነቃነቃል። ጋቢው ይኸው ለአንድ ነገር ጠቀመ!

ቦርሳዬን እስክንነሳ ድረስ እሷው ነበረች የያዘችው።

ዓሣው ጥሩ ነበር። ሙቀቱን አታንሱት። ብሩክ «ማዘር፣ ጥጥ ይጨምሩልኝ» እያለ ሲያሾፍብኝ ዋለ።

አሁን ይህን ፖስት የምጽፍላችሁ ግን ምክር ፈልጌ ነው። ስንነሳ ልጄ ምን አለችኝ መሰላችሁ?

«እማዬ፣ በሚቀጥለው ፈቃዴ ባሕር ዳር ነው የምወስድሽ። ቀድመሽ አንብበሽ ትነግሪናለሽ።»

«እሺ» አልኳት፤ ያውም ኮራ ብዬ።

እና... ከተማዋን ባሕር ዳርን ነው ያለችኝ፣ ወይስ እንዲያው ባሕር ዳር፣ ከባሕሩ ዳር? ጋሽ ታምሩ ጋ ሳልሄድ በኮሜንት ንገሩኝ እባካችሁ።

እሷን እንዳልጠይቃት አፈርኩ!