ጋሼ ማለት እና ባዶው ቦታ

በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አለ። አንድ ጥያቄ ይዘህ ትሄዳለህ፤ ሦስት ተሸክመህ ትመለሳለህ። ለእኛ ሆስፒታል የደረሱት ክቡር የመረጃ ቋት ኃላፊያችን ናቸው። ለማንም ሰው "ማለት?" ሳይሉ መልስ ሰጥተው ስለማያውቁ ስማቸው ጋሼ ማለት ሆኖ ቀርቷል።

"ዛሬ ስንት ታካሚ አለን?" ይሏቸዋል ዳይሬክተሩ።

"ማለት? ካርድ ያወጣ? ሐኪም ያየው? ወይስ አልጋ የያዘ?"

እስኪግባቡ ድረስ ግማሹ ታካሚ ድኖ ቤቱ ይገባል። ባለቤታቸው እንኳ ደውለው "ምሳ በላህ?" ማለት ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል ይባላል።

አንድ ጊዜ ሳናማክራቸው አለፍናቸው። ዳይሬክተሩ በዕድሜ ትልቁን ታካሚ ሊያከብሩ ፈለጉና እኔን፣ የሪፖርት ሠራተኛውን፣ አዘዙኝ። ኮምፒውተሩን ጠየቅኩ፤ መቶ ሃያ አራት ዓመት! አበባና ፎቶ አንሺ ይዘን ብንገባ፣ አዛውንቱ ኳስ ሲጫወት እግሩ የተሰበረ ጎረምሳ ሆኖ ቁጭ አለ።

ጋሼ ማለት አልሳቁም። "የልደት ዘመኑ ካልታወቀ ኮምፒውተሩ የሚቀበለው ዝቅተኛው ዓመት ይሞላል። ኮምፒውተሩ የተጻፈውን ያነባል እንጂ ለምን እንደተጻፈ አያውቅም" አሉ። ጎረምሳው አበባውን አልመለሰም።

ከዚያ ወዲህ ባሰባቸው። መድኃኒት የማይስማማቸውን ታካሚዎች የምንለይበትን የኮምፒውተር ፍለጋ ነካኩት። ድሮ ቅጹ ላይ ቦታው ባዶ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ "ችግር የለም" ብሎ ይገላግለን ነበር። እሳቸው "የለም" እና "አልተጠየቁም" ብለው ለሁለት ከፈሉት። ባዶው ሁሉ እስኪጣራ ሪፖርቴ አንድ ወር ዘገየ። አቤቱታ ጻፍኩባቸው።

በዚያው ሰሞን እናቴ ለቀዶ ሕክምና ተኛች። ልትገባ ሁለት ሰዓት ሲቀራት ስሟን ብፈልግ "አልተጠየቁም" ከሚለው ሥር አገኘሁት። ደሜ ፈላ።

"ጋሼ፣ እናቴን የማውቃት እኔ ነኝ! ምንም የለባትም፤ ያስተካክሉልኝ።"

"ጠይቀሃታል?"

መልሴን ሳይጠብቁ መነጽራቸውን አድርገው አልጋዋ ድረስ ሄዱ፤ ተከተልኳቸው።

"እማማ፣ መድኃኒት ጎድቶዎት ያውቃል?"

"እንዴታ! ልጅ ሳለሁ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ሊገድለኝ ምንም አልቀረው። ትንፋሽ አጥሮኝ፣ አበቃላት ብለው ተላቅሰውልኛል።"

"ምነው እማ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትነግሪኝ?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ጋሼ ማለት ቃሏን አንድ በአንድ መዘገቡ። ሐኪሞቹ ሊሰጧት ያዘጋጁትን የፔኒሲሊን ዘር መድኃኒት ቀየሩ፤ እናቴም በሰላም ወጣች። አቤቱታዬን በገዛ እጄ ቀደድኩት። እኚህን ነዝናዛ ሰው እወዳቸዋለሁ።

እናቴ ስትነቃ ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ አርባ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኳትን ከልጅነቷ ጀምሬ እጠይቃት ጀመር።